ምዕራፍ ስምንት፦ የአጥንት ሾርባ በወርቅ ዋጋ

ጥሩ ፎ፣ ማለትም የቬትናሞች የሩዝ ፓስታ ሾርባ፣ መሠራት የሚጀምረው እንግዳው ወንበር ስቦ ከመቀመጡ ከግማሽ ቀን በፊት ነው። የበሬ ቅልጥምና የመገጣጠሚያ አጥንት በትልቅ ድስት ይጣድና አንዴ ገንፈል ሲል ውሃው ከነአረፋው ይደፋል። አጥንቱ ተለቅሞ በቀዝቃዛ ውሃ ይታጠባል፤ ድስቱም ይታጠባል። ሁለተኛው ውሃ ሲጣድ እሳቱ ዝቅ ማለት አለበት፤ ከድስቱ ዳር አንድ ሁለት አረፋ ብቅ እያለ ቢጠፋ ይበቃል። እሳቱ ከበረታ ስቡ ከውሃው ጋር ተመታትቶ ሾርባው ይደፈርሳል፤ የደፈረሰ ሾርባ ደግሞ የባለሙያውን ስም ያጠፋል። በጎን ሽንኩርትና ዝንጅብል ከነልጣጫቸው እሳት ላይ ይጠበሳሉ፤ ልጣጩ ከስሎ ውስጡ ሲለሰልስ ጥቁሩ ይፋቃል። ቀረፋ፣ ቅርንፉድ፣ ድምብላልና የኮከብ ቅርጽ ያለው የስታር አኒስ ፍሬ በደረቅ መጥበሻ ታምሰው በጨርቅ ይቋጠራሉ። ሾርባው ውስጥ ብዙ ከቆዩ መድኃኒት መድኃኒት ስለሚሉ መቼ ገብተው መቼ እንደሚወጡ የሚወስነው የሠሪው አፍንጫ ነው። አጥንቱ እሳት ላይ የሚቆየው ከስምንት ሰዓት ያላነሰ ነው፤ ሌሊቱን ሙሉ የሚያሳድሩትም አሉ።

እንግዳው ይህን ሁሉ በሩብ ሰዓት ጨርሶ አፉን ይጠርጋል። ሃኖይ ላይ መንገድ ዳር፣ ዝቅ ባለች የፕላስቲክ በርጩማ ላይ ከበላ የሚከፍለው ሁለት ዶላር አካባቢ ነው። ሆ ቺ ሚን ከተማ ያለው አናን ሳይጎን የተባለ ምግብ ቤት ውስጥ ግን ሼፉ ፒተር ኩኦንግ ፍራንክሊን ባለ 100 ዶላር ፎ አቅርቦ ብዙ ተወርቶለታል። ትራፍል የሚባለው ውድ እንጉዳይና ዋግዩ የሚባለው ምርጥ የበሬ ሥጋ ስላለበት ነው። ያ ዋጋ የእንጉዳዩ እንጂ የሾርባው አይደለም፤ ስም ለማስጠራት ጥሩ ዘዴ ቢሆንም ስለ ፎ ብዙ አያስተምረንም። የሚያስተምረን ከሁለቱ መሃል ያለው ቤት ነው፦ ያንኑ አጥንት፣ ያንኑ ቀረፋና ያንኑ ሩዝ በንጹሕ የጠረጴዛ ልብስ ላይ አቅርቦ የመንገድ ዳሩን ብዙ እጥፍ የሚያስከፍለው። ሰው እዚያ ገብቶ የሚከፍለው ለምኑ ነው?

መልሱን ቆየት ብለን እናየዋለን፤ መጀመሪያ ገበታውን እንወቅ። በእኛዋ የወሎ ከተማ በወልድያ የቬትናም ምግብ ቤት የለም። ነገር ግን የኢትዮጵያ አየር መንገድ በሐምሌ 2017 ዓ.ም. ወደ ሃኖይ መብረር ጀምሯል፤ ነጋዴም ተማሪም መሄዱ አይቀርም። የአካባቢዋ፣ የሀብሩ ወይም የጉባላፍቶ ሰው እዚያ ጥሩ ምግብ ቤት ቢገባ ከዓይኑ ይልቅ አፍንጫው ቶሎ ይላመዳል። ሾርባው አጠገብ በሰሐን የሚቀርበው ሐምራዊ ግንድ ያለው ቅጠል በሶብላ ነው፤ ዝርያው ከእኛው አንድ ነው፣ ዓይነቱ ብቻ ይለያል። እኛ አድርቀን ከበርበሬና ከሽሮ ጋር እናስፈጨዋለን፤ እነሱ እርጥቡን በእጃቸው ቀንጠስ አድርገው የሚፋጀው ሾርባ ላይ ይጥሉታል። የሁዌ ከተማ ሰዎች የበሬ ሾርባቸውን የሚያሸቱት በተቀጠቀጠ ጠጅ ሳር ነው። ከድምብላል እኛ ፍሬውን ስንወስድ እነሱ ቅጠሉንም ይበሉታል። የወሎ ሰው ቡናው ላይ ጤና አዳም ጣል ማድረግ ስለለመደ፣ እርጥብ ቅጠል ትኩስ ነገር ውስጥ የሚገባው ለምን እንደሆነ ማንም እንዲያስረዳው አይፈልግም።

ከዚያ ፓፓያው ይመጣል። መርሳ ላይ አውቶቡስ በቆመ ቁጥር መስኮት ድረስ የሚመጣው ማንጎና ፓፓያ የበሰለው ነው፤ አረንጓዴውን ፓፓያ ማንም አይገዛም። ቬትናሞች የሚፈልጉት አረንጓዴውን ነው። እንደ ክር በቀጭኑ ይሸነሸንና በሎሚ፣ በሚጥሚጣ በሚያስንቅ ትንንሽ ቃሪያ፣ በስኳርና በዓሣ ፈሳሽ ይታሻል፤ ከላይ የተቆላ ኦቾሎኒ ተወቅጦ ይነሰነስበታል። አረንጓዴ ማንጎም እንዲሁ ይሠራል። በግራናና በመርሳ መስኖ ዳር የሚበቅለው ማንጎና ፓፓያ ሳይበስል የሚገባበት ሌላ ገበታ አለ ማለት ነው፤ የወልድያ ሆቴሎች ሊያስቡበት ይችላሉ።

የዓሣ ፈሳሹ ግን እዚህ የለም። ንዎክ ማም ይሉታል፤ ለእኛ ጨውና በርበሬ የሆነውን ያህል ለእነሱ ወሳኝ ነው። ፉ ኮክ በምትባለው ደሴት የጣት ርዝመት ያላቸው ትንንሽ ዓሦች በሦስት እጅ ዓሣ አንድ እጅ ጨው ሒሳብ ይታሻሉ፤ ሰው ቆሞ በሚሰወርበት የእንጨት በርሜል ውስጥ ተጠቅጥቀው አንድ ዓመት ይቀመጣሉ። ከሥር ጠብ የሚለው ቡናማ ፈሳሽ ብቻውን ሲሸተት አያስጠጋም፤ ምግብ ውስጥ ሲገባ ግን ዓሣነቱ ጠፍቶ ጣዕም ብቻ ይቀራል። ስልጆ በቤቱ የጣለ ሰው ነገሩ ይገባዋል። የአውሮፓ ኅብረት በ2012 እ.ኤ.አ. የፉ ኮክ ስም ለሌላ ምርት እንዳይውል በሕግ ጠብቆላቸዋል።

ወደ ሾርባው እንመለስ። ፎ ጥንታዊ ምግብ ይመስላል፤ ዕድሜው ግን ከመቶ ዓመት ብዙም አይርቅም። በሰሜን ቬትናም፣ በሃኖይና በናም ዲን አካባቢ፣ በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ነው ብቅ ያለው። ከዚያ በፊት የቬትናም ገበሬ በሬ አርዶ መብላት አልለመደም፤ በሬ የሚያርስ ነው። ይህን ለወሎ ገበሬ ማስረዳት ድካም ነው፤ የሚያርስ በሬውን ማን ያርዳል? ቅኝ ገዢዎቹ ፈረንሳዮች ግን የበሬ ሥጋ ካልበሉ የበሉ አይመስላቸውም ነበር። ብልቱን ወሰዱ፣ አጥንቱና ትርፍራፊው ቀረ። የቀረውን ለቅመው በትከሻ በሚሸከሙት ድስት መንገድ ለመንገድ ያዞሩት ሻጮች ናቸው ዛሬ የአገሪቱ ምልክት የሆነውን ምግብ የፈጠሩት። በ1954 እ.ኤ.አ. አገሪቱ ለሁለት ስትከፈል ወደ ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ከሰሜን ወደ ደቡብ ተሰደደ፤ ፎም አብሮ ወረደ። ደቡቦች በሶብላውን፣ የባቄላ ቡቃያውንና ጣፋጭ ድልሁን ጨመሩበት። የሃኖይ ሽማግሌዎች ይህን እስከ ዛሬ ይቅር አላሉም።

አንድ ነገር ለሥጋ ወዳጆች፦ በተለምዶው ፎ ላይ እንደ ወረቀት የሳሳ ጥሬ ሥጋ ይደረደርና የሚፋጅ ሾርባ ይፈስበታል። የውጭ አገር ጎብኚ እዚህ ላይ ይፈራል። የወልድያ ሰው የሚያማርረው ሾርባው ሥጋውን ስላበሰለበት ነው።

አሁን ውዱ ቤት እንግባ። የቬትናም ቤተሰብ በቤቱ የሚበላው እንደ እኛው በአንድ ክብ ትሪ ዙሪያ ነው። ሩዙ ለየብቻ ቢሆንም ወጡ፣ አትክልቱና ማጥቀሻው መሃል ላይ ለሁሉም ይቀመጣል። በሰሜን በኩል ታናሽ የሆነው ሰው አያት፣ አባት፣ እናት እያለ ታላላቆቹን በየተራ ብሉልኝ ሳይል እጁን አይዘረጋም። ውዱ ምግብ ቤት ይህን ትሪ ይበትነዋል። ምግቡ በተራ፣ ለእያንዳንዱ ሰው በየሰሐኑ ይመጣል፤ ስምንት ወይም አሥር ጊዜ። መልኩ የተወረሰው ከፈረንሳይ ነው። አስተናጋጁ ሰሐን ባስቀመጠ ቁጥር ጎንበስ ብሎ ቅጠሉ ከየት እንደመጣ፣ ዓሣው መቼ እንደተያዘ ይናገራል። የመጀመሪያው ሰሐን ሲመጣ ከወሎ የመጣ እንግዳ «ይቺ ናት?» ማለቱ አይቀርም። ታገሥ ሊባል ይገባል፤ ስድስተኛው ላይ ሲደርስ ቀበቶውን ያላላል። ጉርሻ ግን የለም። ለታላቅ ሰው ክብር የሚገለጸው ምርጡን ቁራጭ በቾፕስቲክ አንስቶ የእሱ ጎድጓዳ ሰሐን ላይ በማስቀመጥ ነው፤ ይኸም በሰሐን ለየብቻ በሚቀርበው ገበታ ላይ ቦታ የለውም። እኔ በበኩሌ የትሪው መበተን ያሳዝነኛል። የሚያጽናናኝ ጥቅሉ ነው፦ የተጠበሰ ሥጋ፣ ሰላጣና እርጥብ ቅጠል እንደ ሻሽ በሳሳ የሩዝ ቂጣ በእጅ ተጠቅልሎ ማጥቀሻ ውስጥ ይነከራል። ቾፕስቲክ አልያዝ ያለው ሐበሻ እዚህ ላይ ክብሩን ያስመልሳል።

ያ አሠራር፣ ያ አስተናጋጅ፣ ያ ቤት ገንዘብ ያስወጣል። በሙያው የተለመደው ስሌት ሜኑ ላይ ካለው ዋጋ ለጥሬ ዕቃው የሚሄደው ሲሶው አካባቢ ነው ይላል፤ የቀረው ለሰው ጉልበት፣ ለኪራይ፣ ለመብራትና፣ ካለ፣ ለትርፍ ነው። ስለዚህ የምግብ ዋጋ በአብዛኛው የሰው ሰዓት ዋጋ ነው። ከዚህ በኋላ ያለው ጥያቄ የማን ሰዓት ስንት ያወጣል የሚለው ይሆናል፤ መልሱ ደግሞ ከድስቱ ውስጥ አይገኝም።

የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲው ክሪሽኔንዱ ሬይ በ2016 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ የስደተኛ ምግብ ቤቶችን ዋጋ ሲያነጻጽር ያገኘው ነገር ይህን ያብራራል። አሜሪካኖች ለፈረንሳይና ለጃፓን ምግብ ብዙ ይከፍላሉ፤ ለቻይና፣ ለሜክሲኮና ለመሰሎቻቸው ግን ርካሽ ካልሆነ ይቆጣሉ። የሙያው ክብደት ያመጣው ልዩነት አይደለም። አገሩ ሀብታም ሲሆንና ስደተኛው ድሃ መሆኑ ሲቀር ምግቡም አብሮ ዋጋ ያወጣል፤ የጃፓን ምግብ የተወደደው ጃፓን ከበለጸገች በኋላ ነው።

እኛና ቬትናሞች በዚህ ጉዳይ ጎረቤት ነን። ሳይጎን፣ የዛሬዋ ሆ ቺ ሚን ከተማ፣ በኮሚኒስቶች እጅ የወደቀችው በሚያዝያ 1975 እ.ኤ.አ. ነው፤ የእኛ አብዮት ከዚያ አንድ ዓመት ቀድሟል። ከሁለቱም አገር የሸሸው ሕዝብ ዋሽንግተን ዙሪያ ተገናኘ። ቬትናሞቹ መጀመሪያ አርሊንግተን ውስጥ ክላረንደን ላይ ሱቅና ምግብ ቤት ከፈቱ፤ በ1979 የምድር ባቡሩ ደርሶ ኪራይ ሲንር ፎልስ ቸርች ወደሚገኘው ኤደን ሴንተር ሄዱ። በ1978 ዋሽንግተን ውስጥ ማማ ደስታ የተባለው የኢትዮጵያ ምግብ ቤት ተከፈተ፤ ከዚያም አዳምስ ሞርጋን የእንጀራ ሠፈር ሆነ። ዛሬ ኤደን ሴንተር አካባቢ፣ ቤይሊስ ክሮስሮድስ በሚባለው ሠፈር፣ የሐበሻ ሱቅና የቬትናም ፎ ቤት ተቀራርበው ታያለህ። ሁለቱም ላይ ሰው የሚገባው ርካሽና ብዙ ነው ተብሎ ነው።

ይህን የዋጋ ጣሪያ ከነቀነቁት አንዱ ቻርልስ ፋን ነበር። ዳላት ከተማ ተወልዶ፣ በ1975 ከቤተሰቡ ጋር ሸሽቶ፣ በጉዋም ደሴት በኩል ሳንፍራንሲስኮ የገባ ሰው ነው። ሼፍነት ትምህርት ቤት አልገባም፤ በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ አርክቴክቸር ነው ያጠናው። በ1995 ስላንትድ ዶር የሚባለውን ምግብ ቤት ከፈተ። ያደረገው ነገር ሲሰማ ቀላል ነው። የእናቱን ዓይነት ምግብ አልቀየረም፤ ሥጋውን ግን ውድ የፈረንሳይ ምግብ ቤቶች ከሚገዙበት እርሻ ገዛ፣ ቤቱን ራሱ ነደፈ፣ ከቅመሙ ጋር የሚስማማ ወይን መርጦ አቀረበ፣ ዋጋውንም በዚያው ልክ ጻፈ። ለሽንኩርትና ለበሬ ሥጋ ይህን ያህል? ያሉ ነበሩ። ሌሎቹ ግን ተሰለፉ። በ2000 ቢል ክሊንተን በልቶበታል፤ በ2014 ቤቱ ከመላ አሜሪካ የጄምስ ቢርድን የላቀ ምግብ ቤት ሽልማት ወሰደ። ፋን በጥር 2025 እ.ኤ.አ. አረፈ።

ከዚያ ለምግብ ቤቶች ኮከብ የሚሰጠው የፈረንሳዩ መመሪያ ሚሽሊን ወደ ቬትናም ገባ። በሰኔ 2023 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያው የሃኖይና የሆ ቺ ሚን መመሪያ ሲወጣ ኮከብ ያገኙት አራት ቤቶች ነበሩ። አናን ሳይጎን አንዱ ነው። እኔን የሚገርመኝ ግን የሃኖዩ ታም ቪ ነው። ታም ቪ የሚያቀርበው የሰሜን ቬትናም ተራ የቤት ምግብ ነው፦ የሸርጣን ሾርባ በጎመን መሰል ቅጠል፣ በቀስታ የተቀቀለ ሥጋ፣ ሩዝ። ትራፍል የለም። ትሪውን አልበተነም። አንዲት የሃኖይ እናት ለቤተሰቧ የምታበስለውን ነው፣ ሳይዘናጋ፣ በየቀኑ እኩል አድርጎ የሚሠራው። ዋጋውም ኮከብ ላለው ቤት የሚያስደነግጥ አይደለም።

ሚሽሊን የእኛንም ምግብ አይቶታል፦ በዋሽንግተን ጆርጅታውን ያለውን ዳስ የተባለ የኢትዮጵያ ምግብ ቤት በ2017 እ.ኤ.አ. የዋሽንግተን መመሪያው ቢብ ጉርማንድ ብሎ መዝግቦታል። ይህ ዝርዝር ኮከብ አይደለም፤ በተመጣጣኝ ዋጋ ጥሩ የሚበላባቸውን ቤቶች የሚመለከት ነው። ምስጋናው እውነተኛ ነው። ግን ልብ በሉ፦ የተመሰገንነው ርካሽ ስለሆንንም ጭምር ነው።

ለአሜሪካኖቹ ብቻ መፍረድ አይገባም። ወልድያ ራሷ ላይ፣ ሰው ዛሬ ጋበዝ አድርገኝ ብሎ ሲወጣ የሚሄደው ሥጋ ቤት ነው። ግማሽ ኪሎ ጥሬ፣ ግማሽ ኪሎ ጥብስ። ሒሳቡ ሲመጣ ውድ ነው፤ የተከፈለው ግን ለከብቱ ነው። ሥጋ መቁረጥና በቃሪያና በሽንኩርት መጥበስ የሩብ ሰዓት ሥራ ነው። አሁን ለፋሲካ ቤት ውስጥ የሚሠራውን ዶሮ ወጥ አስቡ። ዶሮዋ ተገንጥላ አሥራ ሁለት ብልት ይወጣላታል፤ ውሃው ብርጭቆ ውስጥ እስኪጠራ በሎሚና በጨው ደጋግማ ትታጠባለች። ሽንኩርቱ ደቆ ያለ ዘይት ይጣዳል፤ ማታ ተጀምሮ ከሆነ ሌሊቱ ይጋመሳል። በመጀመሪያ ውሃው ይወጣል፣ ከዚያ ይሟሽሻል፣ ከዚያ ማንኪያው ሲያልፍበት የድስቱ ታች የሚታይበት ደረጃ ላይ ይደርሳል፤ ከዚያች ደቂቃ በፊት በርበሬ የጨመረች ሴት ወጧ ጥሬ ጥሬ ይላል። በርበሬው ራሱ ከሳምንታት በፊት ተቀንጥሶ፣ ተደልዞ፣ ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ የተዘጋጀ ነው። ቅቤው ተነጥሯል። ይህ ከሃኖይ ሾርባ የሚያንስ ሥራ አይደለም፤ ሰዓት በሰዓት ቢቆጠር ይበልጣል። ዶሮ ወጥ ግን ሆቴል ሲገባ ከግማሽ ኪሎ ጥሬ ሥጋ በላይ ላስከፍል ቢል ማን ይሰማዋል? ቤት የሠራችው እናት አልተከፈላትም፤ ስለዚህ የሆቴሏ ወጥ ሠሪም ብዙ የሚገባት አይመስለንም። እንግዳው አስተናጋጁን ያውቃል፣ ባለቤቱን ያውቃል፤ ወጥ ቤት ያለችውን ሴት ስም የሚጠይቅ የለም። ሉካንዳው ግን ስሙ በር ላይ ተጽፏል።

ፋንና ታም ቪ ያደረጉት ይህን ነው፦ የእናትየውን ሰዓት ሒሳብ ውስጥ አስገቡት።

ለማንኛውም፣ ሃኖይ ወይም ሆ ቺ ሚን ለሚገባ የወሎ ሰው የሚጠቅሙ ጥቂት ነገሮች ላክል። የአሳማ ሥጋ ብዙ ቦታ አለ፤ ጥቅልሉ ውስጥ፣ ወጡ ውስጥ፣ ሾርባው መሠረት ላይ ሳይቀር ይገባል። ፎ ቦ ከበሬ፣ ፎ ጋ ከዶሮ የሚሠራው ነው፤ እነዚህን ማዘዝ ይቀላል፣ ቢሆንም መጠየቅ ነውር አይደለም። የሙስሊም እርድ ለሚፈልግ ሃኖይ ውስጥ ሃንግ ሉዎክ መንገድ ላይ የአል ኑር መስጊድ፣ ሆ ቺ ሚን ውስጥ ዶንግ ዱ መንገድ ላይ በ1935 እ.ኤ.አ. የተሠራው መስጊድ አለ፤ የሐላል ምግብ ቤት መፈለግ ከእነዚህ መጀመር ነው። ጾመኛ ክርስቲያን ደግሞ ቻይ ይበል። ቡድሂስቶች በጨረቃ አቆጣጠር በየወሩ በመጀመሪያውና በአሥራ አምስተኛው ቀን ሥጋና ዓሣ አይቀምሱም፤ የቻይ ገበታ ለዚህ የተሠራ ነው። የዓሣ ፈሳሹ በአኩሪ አተር ፈሳሽ ይተካል፤ ወተትና ቅቤ ድሮም የቬትናም ወጥ ውስጥ እምብዛም የለም። እንቁላል ግን አልፎ አልፎ ሊገባበት ስለሚችል ረቡዕና ዓርብ ከሆነ እሱንም መጠየቅ ነው።

ቡናው በመጨረሻ ይመጣል። ቬትናም በዓለም ሁለተኛዋ ቡና አምራች ናት፤ አብዛኛው ግን ሮቡስታ ነው፤ ከእኛ አረቢካ ይልቅ መራራና ካፌይኑ የበዛ። ብርጭቆ ላይ በተቀመጠች ፊን በምትባል ትንሽ የብረት ማጥለያ ጠብ ጠብ እያለ ይወርዳል፤ ታችኛው ላይ በስኳር የወፈረ የቆርቆሮ ወተት ይጠብቀዋል። ጾም ከሆነ ያለ ወተት ማዘዝ ይቻላል። ሒሳቡ ሲቀርብ ቶናው የት ቀረ ማለት አያዋጣም፤ ይልቅስ መጀመሪያ ሲታዘዝ ሜኑው ላይ ከዋጋው አጠገብ ሁለት የመደመር ምልክት እንዳለ ማየት ይበጃል። ካለ፣ የአገልግሎት ክፍያና ታክስ ገና አልተደመሩም ማለት ነው።